ቡኩሩስ?

ቡቶይ የሚይዘው የግራውን ጫፍ ነው። ከጭነት መኪናው ኋላ፣ ከሸራው ግርጌ፣ ከዳር እስከ ዳር የተበየደ ብረት አለ። ልጆቹ የሚሻሙት በቀኙ ጫፍ ነው፤ በዚያ በኩል የወደቀ ሰው የሚወድቀው ሣር ላይ ነዋ። በግራ የወደቀ ከፊት ለሚመጣው መኪና ይተርፋል። ቡቶይ ግራውን የመረጠው ከሌሎቹ ስለሚደፍር አይደለም፤ ማንም ስለማይሻማው ነው። በቀኝ እጁ ብረቱን፣ በግራው የብስክሌቱን እጀታ ይዞ ክንዱን ከክርኑ ላይ ትንሽ ሰበር ያደርጋል። ክንድ ከተወጠረ መኪናው ማርሽ ሲቀይር ትከሻን ይነቅላል፤ በጣም ከታጠፈ ደግሞ መኪናው ሲገታ ፊትን ከብረቱ ጋር ያላትማል። በሁለቱ መካከል ያለችውን ልክ ያገኘ ሰው ከቡጁምቡራ እስከ ቡጋራማ ያለውን ዳገት አንዴም ፔዳል ሳይመታ ይወጣል።

ጠዋት ሙዝ ጭኖ ሲወርድ በየኩርባው መኪኖቹን ይቀድማል፤ ሹፌሮቹም አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው ይሰድቡታል። ከሰዓት ባዶውን ሲመለስ በእነዚያው መኪኖች ይጎተታል። መጎተት የማይጠላ ሹፌር ፍሬን ከመያዙ በፊት አጭር ክላክስ ይነካል፤ ልቀቁ ማለት ነው። የሚጠላ ደግሞ መኪናውን ግራና ቀኝ ያወዛውዛል፣ ወይም ረዳቱን ከጭነቱ ላይ አውጥቶ ውሃ ያስደፋባቸዋል። በሹፌሮቹና በእነሱ መካከል ከዚህ የተረፈ ውል የለም። ብስክሌተኛው መኪናን የሚያውቀው በጀርባው ነው፤ በሸራው ቀለም፣ በብየዳው፣ በጭሱ። ቡቶይ አረንጓዴ ሸራ ያለውን አንዱን መኪና ለዓመታት ይዞታል። የቱ ዳገት ላይ እንደሚያቃስት፣ የቱ ማርሽ ላይ እንደሚያስለው ያውቃል። የሹፌሩን ፊት ግን አንድ ቀን እንኳ አይቶት አያውቅም።

ልጆቹ «ሽማግሌው» ይሉታል። ሽማግሌ የሚያሰኝ ዕድሜ ላይ አልደረሰም፤ ግን ስሙን ከመናገር ይሻለዋል። መንታ ሲወለድ ቀድሞ የወጣው ቡኩሩ፣ ተከትሎ የመጣው ቡቶይ ይባላል፤ በአገሩ ሁሉ እንዲሁ ነው። ስለዚህ ቡቶይ እባላለሁ ያለ ሰው አንድ ሌላ ሰው እንዳለም ተናገረ ማለት ነው። የሰማ ሁሉ ሰላምታውን ሳይጨርስ «ቡኩሩስ?» ይላል። ቡቶይ «ደህና ነው» ብሎ ያልፋል።

የእሱ ቡኩሩ በጦርነቱ ዘመን፣ ሁለቱም ገና ጢም ሳያወጡ፣ ከሚሸሹት ጋር በታንዛኒያ አቅጣጫ ሄዶ እንደወጣ ቀረ። ሞተ ያለ ሰው የለም፤ አየሁት ያለም የለም። እናታቸው በር በሩን እያየች ሞተች። ቡቶይ አገባ፤ ሚስቱም ልጅ ሳይወልዱ በወባ ሞተችበት። ከዚያ ወዲህ ኮረብታው ላይ ባለው ቤቱ ስሙን የሚጠራ የለም። መንገድ ላይ ደግሞ ሽማግሌው ነው።

አንድ ዓመት ዝናቡ ሲጀምር ከልጆቹ አንዱ ከተሳቢ ጎማ ስር ገብቶ ሞተ። የተሳቢው ሹፌር ታሰረ፤ አልተፈታም። ከዚያ በኋላ ትእዛዝ ወጣ፤ ተንጠልጥሎ የተገኘ ብስክሌቱ ይወረሳል፣ የጎተተው ሹፌርም መንጃ ፈቃዱን ይቀማል። ቡቶይ ከፖሊስ ጣቢያው ጀርባ የተወረሱት ብስክሌቶች በእሳት እየተቆረጡ ሲከመሩ በዓይኑ አየ። ፈርቶ ጥቂት ቀን በእግሩ እየገፋ ወጣ። ዳገቱ ቀኑን በሙሉ በላበት፤ የሙዙም ዋጋ መንገድ ላይ ለእራትና ለማደሪያ ሄደ። ከብስክሌቱ ሌላ የሚያበላው የለውም፤ መሬቱ ለቦሎቄ እንኳ አትበቃም። ብስክሌቱ ከተወረሰ ኮረብታው ላይ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው የሚቀረው፤ ምን እንደሚጠብቅ ግን እሱም አያውቅም። እንደ ሌሎቹ ተመልሶ ተንጠለጠለ።

አንድ ቀን ከአረንጓዴው ሸራ ኋላ ብቻውን ነበር። ከኩርባው በላይ አዲስ ኬላ መቆሙን አልሰማም። ሹፌሩም የሰማ አይመስልም፤ መታጠፊያው ላይ ሲደርስ የፖሊስ መለዮ አየና ፍሬኑን እስከ ጥግ ረገጠው። ክላክስ አልነበረም። የብስክሌቱ የፊት ጎማ ከብረቱ ስር ገባ፤ ቡቶይ በመዳፉና በጉልበቱ አስፋልቱ ላይ ወደቀ። ሲነሳ መጀመሪያ ያየው ጉልበቱን ሳይሆን ጎማውን ነው። ቸርኬው እንደ ተነከሰ ቂጣ አንድ ጎኑ ገብቷል።

ሹፌሩ ወርዶ መጣ። ግዙፍ ሰው ነው፤ ነጭ ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ። ቡቶይ ከማንም ጋር ከተጣላ ዓመታት አልፈውታል፤ ስድቡ ሁሉ ከአንቱታው ጋር ተደባልቆ ወጣ።

«ክላክሱስ? እጅዎ ተቆርጧል?»

«አንተ ደግሞ ቲኬት ቆርጠህ ነው የተሳፈርከው?» አለ ሹፌሩ። «በየት ኪሎ ሜትር ላይ እንደምትወርድ ነግረኸኝ ነበር?»

ቡቶይ ዓመታት ሙሉ ክላክስ ሲነካለት የኖረ ሰው ዛሬ ምን እንደነካው ጠየቀው። ሹፌሩ ደግሞ ጓደኛው ሩትሞ እስር ቤት ያለው በእንዲህ ያለ ሰው ምክንያት መሆኑን፣ ሩትሞ ከጎማው ስር የገባውን ልጅ አንድ ጊዜ እንኳ አይቶት እንደማያውቅ፣ ኋላው ያለውን ሰው የማያይ ሹፌር እንዴት ገዳይ እንደሚባል እየጮኸ ተናገረ። ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ ለዚያም ነው ድምፃቸው ዝቅ ያላለው።

አንድ ፖሊስ ከኬላው ወርዶ መጣ። ወጣት ነው፤ በአንድ እጁ ግማሹ የተበላ የተጠበሰ በቆሎ ይዟል። ጩኸታቸው ኬላው ድረስ መሰማቱን ነገራቸውና እጁን ለሹፌሩ ዘረጋ። ሹፌሩ መንጃ ፈቃዱን ሰጠው። ፖሊሱ ስሙን ጮክ ብሎ አነበበ።

«ቡኩሩ።» ከዚያ ወደ ቡቶይ ዞረ። «የአንተስ ስም?»

ቡቶይ አፉን ከመክፈቱ በፊት የሚሆነውን አወቀ።

«ቡቶይ።»

ፖሊሱ በቆሎውን ማኘክ አቆመ። አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ። አንዱ ቀላ ያለና ወፍራም፣ ሌላው ጥቁርና ቀጭን ነው። ፊቱ ቀስ እያለ በራ።

«እኔም እኮ ባዕድ ሰው እንዲህ አይጣላም እያልኩ ነው የመጣሁት» አለ።

ሹፌሩ ሊናገር ከንፈሩን አላቀቀ። ዓይኑ ግን ፖሊሱ እጅ ላይ ወዳለው መንጃ ፈቃድ ሄዶ እዚያው ቀረ። ቡቶይም የሚያየው ብስክሌቱን ነበር። ሁለቱም ዝም አሉ። ውሸቱን የተናገረ ሰው አልነበረም፤ ስማቸው ተናገረላቸው።

ፖሊሱ መጀመሪያ የገሠጸው ሹፌሩን ነው። «ጭነቱን ሸራ አልብሰህ ወንድምህን በዝናብ ታንጠለጥለዋለህ? አብራችሁ አንድ ሆድ ውስጥ ተኝታችሁ? እናታችሁ ይህን ብታይ ምን ትል ነበር?»

«ግባ ብለው እምቢ ይላል፣ አለቃ» አለ ሹፌሩ። የመጀመሪያው ውሸት ይህ ነበር፤ ሳይደናቀፍ ወጣለት። «ከብስክሌቱ አልለይም ይላል። ከትንሽነቱም ግትር ነው።»

ፖሊሱ ብስክሌቱ ከጭነቱ ላይ እንዲታሰር፣ ቡቶይም ጋቢና እንዲገባ አዘዘ። ተረኛው ተክቶታል፤ እሱም ወደ ቡጋራማ ወደ ቤቱ ስለሚሄድ አብሮ እንደሚወጣ ነገራቸው። መንጃ ፈቃዱን አልመለሰም። ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው፤ ጫፉ ከክዳኑ ስር ይታያል።

ቡቶይ ጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ገብቶ አያውቅም። መካከል አስቀመጡት፤ የማርሹ ዘንግ በጉልበቶቹ መካከል ሆነ። ሹፌሩ ማርሽ በለወጠ ቁጥር የእጁ ጀርባ የቡቶይን የተላጠ ጉልበት ይነካል፤ ሁለቱም ሌላ ቦታ ያያሉ። ጭነቱ የደረቀ ትንንሽ ዓሣ ነው፤ ሽታው እስከ ጋቢናው ገብቷል። ከፊት ሲታይ መንገዱ ሌላ ነው። ቡቶይ የሚያውቀው እየሸሸ ሲሄድ ነበር፤ አሁን ወደ እሱ ይመጣል።

ፖሊሱ ወሬ የጠማው ሰው ነበር። ሚስቱ ባለፈው ወር መንታ ወልዳለታለች፤ ሁለቱም ወንድ። እንቅልፍ የለም። ሕፃኑ ቡኩሩ ዝም ሲል ሕፃኑ ቡቶይ ይጀምራል። አማቱ አንዱ ሲያመው ሌላውም ያመዋል ትላለች፤ ነርሷ ደግሞ ይህ ተረት ነው ትላለች። እሱ ማንን እንደሚያምን አያውቅም። ስለዚህ ባለጉዳዮቹን መንታዎች መጠየቅ ይሻላል ብሎ ጠየቀ።

«ያመናል» አለ ሹፌሩ።

«አያመንም» አለ ቡቶይ በዚያው ቅጽበት።

ፖሊሱ ሳቀ። ሹፌሩ የመስታወቱ ጉም ሲያስቸግረው ቡቶይ እግር አጠገብ ያለውን ጨርቅ እንዲያቀብለው ጠየቀው። ቡቶይ ጎንበስ ብሎ አነሳና ሰጠው።

«ይኸውልዎት።»

ፖሊሱ ዞረ። «መንታህን አንቱ ትለዋለህ?»

ሹፌሩ መስታወቱን ከመጥረግ አላቋረጠም። «መሪ ከጨበጥኩ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚለኝ። ለፌዝ ነው። ሸሚዝ ስተኩስ ደግሞ ክቡርነትዎ ይለኛል።»

«ተወው፣ አንተ» አለ ቡቶይ።

የወጣው ቃል እሱንም አስገረመው። ልጆቹን አንተ ይላል፤ ልጅን አንተ ማለት ግን ወደ ታች ማየት ነው። እኩያውን፣ ፊቱን ሳያይ፣ እንዲህ ችላ ብሎ አንተ ያለበትን ቀን ሊያስታውስ አልቻለም። ሹፌሩ በጎን አየት አደረገው።

ከዚያ በኋላ ፖሊሱ ጠየቀ፤ እነሱ መለሱ። መጀመሪያ ላይ አጭር አጭር ነበር። ማን ይበላ ነበር፣ ማን ያለቅስ ነበር። ቡቶይ ውሸት መፈልሰፍ አይችልም፤ ሞክሮም አያውቅም። ስለዚህ ያለውን ተናገረ። አንድ ብርድ ልብስ ነበራቸው። ሌሊት ሌሊት ይሻሙታል። ቡኩሩ በመጨረሻ ዘዴ አገኘ፤ የብርድ ልብሱን ጫፍ ከእግሩ አውራ ጣት ጋር አስሮ መተኛት ጀመረ። ቡቶይ ሲጎትት ጣቱ ይቀሰቅሰዋል።

«እስካሁን ያመኛል» አለ ሹፌሩ። ፖሊሱ ጭኑን እየመታ ሳቀ። ቡቶይም ሳቀ፤ ሳቁ ለጆሮው ባዕድ ሆነበት።

ሹፌሩ በተራው የሙዝ ጠላ ሰርቀው የጠጡበትን ቀን አወራ። ሁለት ቀሰም ይዘው የአክስታቸው እንስራ ላይ ተደፉ። አባታቸው ሲመጣ እያንዳንዱ ወደ ሌላው ጠቆመ፤ አባትየው እንዳልሳሳት ብሎ ሁለቱንም ገረፈ። የቡቶይ አባት ልጅ መትቶ አያውቅም። ሆኖም ራሱን ነቀነቀ፤ ጀርባው ላይ ያልነበረ አለንጋ የተሰማው መሰለው። እንዲህ እንዲህ እያሉ በወሬያቸው አንድ ቤት ሠሩ፤ ደጁ ከአንዱ ኮረብታ፣ ጓዳው ከሌላው።

ከዚያ ፖሊሱ ማንም ያገሩ ሰው የሚጠይቀውን ጠየቀ። ከመንታ ቀጥሎ የሚወለድ ልጅ ቺዛ ነው የሚባለው።

«ቺዛስ የት አለ?»

«ካያንዛ አግብታ ትኖራለች» አለ ሹፌሩ።

«ቺዛ የለንም» አለ ቡቶይ።

ሁለቱም ድምፅ እኩል ወጣ። ፖሊሱ እጁን ደረት ኪሱ ላይ አደረገ፤ ልማድ ይሁን ሌላ ቡቶይ መለየት አልቻለም። መኪናው ኩርባ ገባ፤ ሹፌሩ መሪውን በሁለት እጁ ይዟል። አሁን የሚናገረው ቡቶይ ብቻ ነው።

«ለእኔ የለችም» አለ ቀስ ብሎ። «የእናታችንን መሬት ካስቆረሰች ወዲህ እህት አለኝ አልልም። እሱ ይጠይቃታል። እሱን አልከለከልኩም።»

ፖሊሱ ቀስ ብሎ ተነፈሰ። መሬት ከተነሳ ማስረጃ የሚጠይቅ ሰው የለም፤ በየቤቱ አለ። እንዲያውም ምክር ጀመረ። መንታ ከታናሹ ጋር ሲጣላ ለከብትም ለዘርም ጥሩ እንዳልሆነ፣ እሱ ወጣት ቢሆንም ይህን ያህል እንደሚያውቅ ነገረው። ቡቶይ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ያልነበረች እህቱን ይቅር እንዲል ፖሊሱ ቃል አስገባው።

ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ጉሙ ወፈረ። ሹፌሩ መብራት አበራ። ፖሊሱም ድምፁን ዝቅ አደረገ። የእሱ ልጆች ገና አንድ ምንጣፍ ላይ ናቸው፤ ግን አንድ ቀን እንደሚለያዩ ሲያስብ ከአሁኑ ያስፈራዋል።

«እናንተስ ተለያይታችሁ ታውቃላችሁ?»

ሹፌሩ «የለም» ለማለት ትንፋሽ ሲወስድ ቡቶይ ሰማው። ግን ቀደመው። ለምን እንደቀደመው በኋላም ለራሱ ሊያስረዳ አልቻለም።

«አንድ ጊዜ» አለ። «በጦርነቱ። እኔ እናታችንን ይዤ ቀረሁ፤ እሱ በታንዛኒያ በኩል ሄደ።»

ሹፌሩ ማርሽ ቀየረ። እጁ ከዘንጉ ላይ አልተነሳም።

«ስንት ጊዜ ቆየ?»

«ብዙ።»

«ወሬውስ?»

«ወሬ የለም።»

«ታዲያ እንዴት ሆነ?» አለ ፖሊሱ። «እንዴት ተገናኛችሁ?»

መንገዱ ላይ ከጉሙ በቀር የሚታይ አልነበረም። መጨረሻ የሌለው ታሪክ ጀምሯል፤ ጋቢናው ውስጥ ደግሞ መጨረሻው በሥጋው ተቀምጧል፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ። የታሪኩ ቡኩሩ መመለስ ነበረበት። ቡቶይ ከዚያ በፊት ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም፤ በሐሳቡ ግን ብዙ ጊዜ ሠርቶታል፤ ስለዚህ ቃላቱ አላስቸገሩትም። ማታ ላይ ነበር አለ። ከምንጩ ውሃ ቀድቶ ሲወጣ፣ ከታች በኩል፣ ከሙዝ ተክሉ ውስጥ አንድ ሰው ስሙን ጠራው። ፊቱን አላየም፤ ጨለምለም ብሏል። አጠራሩን ግን አወቀው። ሌላው ሰው ስሙን ሲጠራው እንደ ጥያቄ ነው የሚጠራው፤ ያ ሰው ግን ጥያቄ የሌለበት አድርጎ ጠራው።

«እኔም ጀሪካኑን አስቀመጥኩት» አለ። «አልጣልኩትም። እንዳይደፋ አድርጌ አስቀመጥኩት። ከዚያ ወረድኩ።»

ሞተሩ ብቻ ያቃስታል። ቡቶይ ከዚህ በላይ መሄድ አልቻለም፤ በሐሳቡም ሁልጊዜ የሚቆመው እዚህ ጋ ነበር።

«ጫማ አልነበረኝም» አለ ሹፌሩ።

ዓይኑን ከመንገዱ አላነሳም። «በባዶ እግሬ ነበር የመጣሁት። እሱ ጫማውን አውልቆ ሰጠኝ። ጠበበኝ። ያው አደረግኩት።»

ፖሊሱ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ቡጋራማ ገበያ እስኪደርሱም አላወራም። ሲወርድ መንጃ ፈቃዱን ከኪሱ አወጣና ለሹፌሩ መለሰለት። ልጆቹ እንደ እነሱ እንዲሆኑለት እንደሚመኝ ነገራቸው። የቡቶይን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ። ከዚያ ወደ ጎመኑና ድንቹ መደብ ገባና ጉሙ ዋጠው።

ጋቢናው ውስጥ አንድ ሰው የሚይዝ ቦታ ተከፈተ። ቡቶይ ግን ወደ በሩ አልተጠጋም። ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ መንጃ ፈቃዱን አንድ ጊዜ ገልብጦ አየው፤ ኪሱ ከተተው።

«የእኔው ቡቶይ ንጎዚ ከተማ ነው ያለው» አለ። «ሲሚንቶ ይሸጣል። ዛሬ ጠዋት እንኳ ደውሎ ነበር፤ ስለማይረባ ነገር ነው የደወለው። ቶሎ ዘጋሁበት።»

ቡቶይ ጥሩ ነው አለ።

«ያንተ አልመጣም፣ አይደል?»

«አልመጣም።»

ሹፌሩ ወረደ። ገመዱን የፈታው ራሱ ነው፤ ሸሚዙ ዓሣ እንዳይነካው አልተጠነቀቀም። ብስክሌቱን ከላይ አውርዶ መሬት ላይ አቆመው፤ የተጎዳውን ቸርኬ በሁለት መዳፉ ይዞ ሊያቀናው ሞከረ። ትንሽ ተመለሰለት፤ ሙሉ በሙሉ ግን እምቢ አለ። ጠጋኝ ዘንድ እንደሚቀና ተናገረ። ቡቶይም እንደሚቀና ያውቃል።

«እግዜር ይስጥዎ» አለ ቡቶይ።

አንቱታው ተመልሶ መጣ። ሁለቱም ሰሙት። ሹፌሩ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ፤ ከዚያ ሳያየው ተናገረ።

«ከእንግዲህ የእኔን አትያዝ።»

ቡቶይ የብስክሌቱን እጀታ ያዘ።

«ፖሊሱን ፈርቼ አይደለም። ስማኝ። ስንት ዓመት በስፖኪዮ ሳይህ ነበር። ክንድ ነበርክ። የተቀደደ የካፖርት እጅጌ ያለው ክንድ። ክንድ ከያዘ ይይዛል፣ ከለቀቀ ይለቃል፤ እኔ መንዳቴን እነዳለሁ። አሁን ግን ከኋላዬ ቡቶይ ተንጠልጥሎ ቁልቁል የሚመጣውን መኪና ማየት አልችልም። ዓይኔ ከስፖኪዮው አይነሳም። ሁለታችንንም ገደል እከታለሁ።» ጨርቁን ኪሱ ከተተ። «ጋቢናም እንዳላስገባህ ባለመኪናው ሰው እንዳትጭን ብሎ አስምሎኛል።»

«ገባኝ» አለ ቡቶይ። የተናገረው ከልቡ ነበር፤ ነገሩ በእርግጥ የሚገባ ነገር ነው። ሰውየው መጥፎ ቢሆን ኖሮ ቡቶይ ከነገ ወዲያ ተመልሶ መኪናውን ይይዘው ነበር።

ሹፌሩ ገብቶ ሞተሩን አስነሳ። ቡቶይ የብስክሌቱን የፊት ጎማ አንስቶ በኋለኛው ብቻ እየገፋ ወደ ኮረብታው ዞረ። ቤቱ ሲደርስ እሳት አነደደ፤ ቦሎቄ ጣደ። ማሰሮው እስኪፈላ ድረስ ጋቢናው ውስጥ የተናገረውን መለሰ መላልሶ አሰበው። ስሕተቱ የት እንደሆነ አወቀ። ዓመታት ሙሉ ቡኩሩ ከሙዙ ውስጥ ሲጠራው ፊት አልነበረውም። አሁን ነጭ ሸሚዝ ለብሶ መጣበት። በሐሳቡ ሸሚዙን ሊያስወልቀው ሞከረ፤ አልሆነለትም።

ጠጋኙ ቸርኬውን አቀናው፤ በጣም ሲፈጥን ብቻ ይወላገዳል። ኬላውም ከጥቂት ሳምንት በኋላ ተነሳ፤ ፖሊሶቹ ወደ ሌላ ሥራ ተወሰዱ፤ ልጆቹ እንደ ቀድሞው መንጠልጠል ጀመሩ። ቡቶይ ሌሎች መኪኖችን ያዘ። አንዱ የሲሚንቶ ነው፤ አቧራው ዓይን ያጠፋል። ሌላው ክላክስ የማይነካ ነው።

አንድ ከሰዓት ከከተማው መውጫ ላይ ከልጆቹ ጋር ቆሞ ሲጠብቅ አረንጓዴው ሸራ መጣ። ባዶውን ነበር የሚወጣው፤ ፍጥነቱም ለመያዝ የሚመች ነው። እነሱ ዘንድ ሲደርስ ደግሞ ይበልጥ ዝግ አለ፤ ከሚያስፈልገው በላይ ዝግ አለ። ልጆቹ ተያዩ።

«ሽማግሌው፣ ያንተው መጣ» አለ አንዱ። «ምን ትጠብቃለህ? ጀርባው እኮ ለአንተ ብቻ ተከራይቷል።»

ቡቶይ እግሩን ከመሬት አላነሳም። ከፊት በግራ በኩል፣ በስፖኪዮው ውስጥ፣ የሰው ፊት አይታይም፤ ሰማይ ብቻ ነበር የሚያበራው።

«ሞልቷል» አለ።

ልጁ ወደ መኪናው አየ፤ ከኋላው ማንም የለም። ሊጠይቅ ሲል መኪናው ማርሽ ቀይሮ ፈጠነ፤ ጥቁር ጭስ ተፋና ኩርባው ጋ ጠፋ። ቡቶይ ጭሱ እስኪጠራ ጠበቀ። ቀጥሎ የመጣው ቦቴ ነበር። ቦቴ ለእጅ አይመችም፤ ከኋላው ካለችው ጠባብ መሰላል በቀር የሚያዝ የለውም፤ እሷም በፀሐይ ትሞቃለች። ልጆቹ ተዉት። ቡቶይ እጁን በካፖርቱ እጅጌ ጠቅልሎ መሰላሏን ያዘ።